አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት

በእነዚያ ሁለት ዓመታት አባቴ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። እንዴት አደርክ አይሉኝም፤ ሚስትህ ደወለች ወይ አይሉም፤ ልጅህ ደህና ናት ወይ አይሉም። በሩ ሲጢጥ ሲል ከአልጋቸው ላይ ሆነው «ዛሬም በላች?» ይላሉ። እኔ ዘይት የነካ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ «በላች» እላለሁ። «ስንት?» ይላሉ። «ግማሽ ሊትር ይሆናል» እላለሁ። ከዚያ ጋቢያቸውን ስበው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ዕድሜዬ አርባን ተሻግሯል፤ ሚስትና ልጅ አለኝ፤ ቀኔ የሚጀምረው ግን አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ትናንት ምን ያህል ዘይት እንደበላች ለአባቴ በመንገር ነበር።

መኪናዋ የእሳቸው ናት። ከመሐል ሜዳ ገብስና ባቄላ ጭነው ወደ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም የጀማን ሸለቆ ወርደው ወጥተው እስከ ዓለም ከተማ፣ ከዚያም ጤፍና ማሾ ይዘው ወደ ደጋ ሲመላለሱ ነው ያሳደጉኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ግራ ጎናቸው በድንገት ዛለ። እኔ ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ከሚስቴና ከልጄ ጋር እኖር ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። «ለአንድ ወር ደርሼ ልምጣ» ብዬ ወጣሁ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ያችን «አንድ ወር» ስትጠራት ድምጿን ለወጥ ታደርጋለች። ወሩ አለቀ፤ አባቴ ከአልጋ ወርደው በከዘራ እስከ በራፍ መድረስ ጀመሩ፤ መሪው ግን እኔ እጅ ላይ ቀረ። የመሥሪያ ቤቱንም ቦታ ለሌላ ሰው ሰጡት።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። መኪናዋን ሸጠን አባቴ ደብረ ብርሃን ከእኛ ጋር እንዲኖሩ መከርኩ፤ ከአገሬ አልወጣም ካሉም ጎረቤታችን ያለችው የአክስቴ ልጅ እዚያው እንድትጦራቸው። እሷ እንደሆነ ድሮም ምግባቸውን የምትሠራው እሷው ነበረች። አባቴ እሺም እንቢም አላሉም። እኔ ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ቆጠርኩትና ገዢ አፈላልጌ አመጣሁ።

መኪናዋ ዘይት መብላት ከጀመረች ያኔ ሁለት ወር ሆኗት ነበር። ሰውዬው ጎማዋን ረገጥ ረገጥ አደረገ፤ ዕቃ የሚጫንበትን ካሶኒዋን ዞሮ አየ፤ ደስ ብሎት ሊነጋገር ወደ ቤት ገባ። አባቴ አስቀመጡት፤ ጠላ አስቀዱለት፤ ከዚያ «ዘይት ትበላለች፤ በቀን ግማሽ ሊትር። ምክንያቱን አናውቀውም» አሉት። ሰውዬው ጠላውን ጨርሶ፣ አመስግኖ ሄደ። አዲስ አበባ ወስጄ እንደምሸጣት፣ እዚያ ይህን የሚጠይቅ እንደሌለ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አባቴ አልጮኹም። የንስሐ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። በእሳቸው ፊት አባቴ ደህናውን እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ ዘይት የምትበላ መኪና ለሰው እንዳልሸጥ በሥጋ ወደሙ ገዘቱኝ።

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ስቆብኛል። የአፍ ቃል እንጂ ውል አይደለም አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው። እኛ አገር ግዝት የጣሰ ሰው ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ ከደጀ ሰላሙ ማለፍ ይከብደዋል፤ ሳልፈታ ብሞትስ እያለ ሲባንን ይኖራል። እኔ ጾም መግባቱን እንኳ ሚስቴ ደውላ የምታስታውሰኝ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ግዝቱን ለመድፈር ወኔው አልነበረኝም። ስለዚህ የቀረኝ መንገድ አንድ ብቻ መሰለኝ። ዘይት መብላቷን ማስቆም።

ደብረ ብርሃን የምናውቀው መካኒክ አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዳገት ላይ በማርሚታዋ በኩል ሰማያዊ ጭስ እንደምትለቅ ነገርኩት። ጥቁር ጭስ ናፍጣ ነው፣ ነጭ ጭስ ውሃ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ ይህን ረዳት ሆኖ አንድ ክረምት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። «ፋሻ ነው» አለ መካኒኩ። ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን የሚከቡትን ቀጫጭን ቀለበቶች ነው፤ ሲያረጁ ዘይቱን ወደ ላይ ያሳልፉና ከናፍጣው ጋር ይቃጠላል። አሮጌውን ዘይት ማንም ሳይሰፍረው ግማሽ በርሜል ውስጥ ለቀቀውና ሞተሩን ፈታው። ሲፈታው ግንባሩ ተቋጠረ። የሲሊንደሩን ግድግዳ በጣቱ እየዳበሰ «ለዕድሜዋ ደህና ናት እኮ» አለኝ። ከተፈታ አይቀር ብለን ፋሻዋን ለወጥን።

ሞተሯ ተፈቶ በቆመችባቸው ቀናት ቤቴ አደርኩ። የአክስቴ ልጅ አባቴ ጋ ታድር ነበር። የልጄን ደብተሮች ሸፈንኩላት፤ ከሚስቴ ጋር ገበያ ወጣሁ፤ ማታ ማታ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። በሌላ ጊዜ ግን ደብረ ብርሃን ስመጣ ጭነቴን አራግፌ፣ ቤቴ ምሳ በልቼ፣ ሳይመሽ መመለስ ነበረብኝ። በዚህ ዘመን መንገድ ላይ ማምሸት የሚደፈር አይደለም፤ አባቴንም ትቼ ማደር አልወድም ነበር። ልጄ ለጓደኞቿ «የእኔ አባት የምሳ ሰዓት አባት ነው» እንዳለቻቸው ሚስቴ ነገረችኝ። የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ እጄን ታጥቤ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳሁ።

አዲስ ፋሻ አስገብቼ ቤት በተመለስኩ ማግስት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ አየሁት። ዘንጉ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ዘይቱ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። እኔ ያየሁት ከታችኛው በታች ነበር። በአንድ ጉዞ ብቻ። ለመካኒኩ ደወልኩለት፤ አዲስ ፋሻ እስኪለምድ ትንሽ ይበላል፣ ታገሥ አለኝ። ታገሥኩ። ከአንድ ወር በኋላ መልሼ ወሰድኳት። አሁን ደግሞ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታዋን አውርዶ፣ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይንጠባጠብ የሚይዙትን የቫልቮቹን ጎሚኒዎች በሙሉ ለወጠ። ተመለስኩ፤ በማግስቱ ለካሁ፤ ያው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። መካኒኩ ሦስተኛ ጊዜ ስሄድበት ዓይኔን ማየት አቃተው። «ወንድሜ፣ እኔ የማውቀውን ጨርሻለሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ኑሮ ሆነ። ጠዋት ስነሳ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት አገኘዋለሁ። የመንዝ ብርድ ሰውንም ብረትንም እኩል ያደነዝዛል፤ የመኪናዋ ሞተሪኖ ደግሞ አርጅቷል፣ በብርድ ሞተር የማዞር አቅም የለውም። መሐል ሜዳ ስሟ እንደሚለው ሜዳ ናት፤ የእኛ ቤት ግን ሜዳው አልቆ ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። ድሮ መኪናዋ የምታድረው ገበያው ሜዳ ላይ፣ ዘበኛ ጋ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ በጸጥታው ምክንያት መኪና ሜዳ ላይ ማሳደር ስለቀረ ቤታችን በራፍ ላይ ትቆማለች፤ አባቴ እንዳስተማሩኝ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርጌ፣ ጎማዋ ሥር የድንጋይ ታኮ አስገብቼ። ጠዋት ታኮውን መንጠቅ፣ እንድትንደረደር መተው፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው። ትንገጫገጭና ትነሳለች።

ከዚያ በፊት ግን ዘይት ይለካል። ይህም የአባቴ ሕግ ነው። ሞተር ሳይነሳ፣ ዘይቱ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ወርዶ ካለቀ በኋላ። ዘንጉን መምዘዝ፣ መጥረግ፣ መልሶ ማስገባት፣ መምዘዝ። ከታችኛው መስመር በታች። መሙላት። መኪናዋን የምሰድባት ስድብ ለመጻፍ የሚሆን አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ አባቴን አንዲት ቃል መናገር ስለማልችል ሁሉንም እሷ ላይ አወርደዋለሁ፤ ኮፈኗን በቡጢ የመታሁበት ጊዜም አለ። የሚያለቅስ ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ የተቆለፈብኝ ያህል ይሰማኝ ነበር፤ እንቅልፍ የምትነሳኝም መውጫዬም ያችው መኪና ናት።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ሚስቴ ደወለች። አንድ ፋብሪካ ሾፌር እንደሚፈልግ፣ እሷም ስለ እኔ ተናግራ እሺ እንዳሏት፣ ሥራው ከገና በኋላ እንደሚጀመር ነገረችኝ። መኪናዋ ገና ዘይት እየበላች እንደሆነ ነገርኳት። «ሴት ብትሆን ኖሮ ሄጄ ፀጉሯን እነጭልህ ነበር» አለችኝ፤ «ከሞተር ጋር ምን ብዬ ልጣላ?» ልስቅ ስል ቀጠለች። «ስማኝ፣ ገናን ከእኛ ጋር ዋል። ካልዋልክ ግን ከዚያ በኋላ ለምሳም አትምጣ።»

ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። የቀረኝ አንድ ወር ተኩል ነበር፤ መካኒኩ እጁን ሰጥቷል፤ ግዝቱ እንዳለ ነው። ሌሊት ተገላብጬ የማስበው ሁሉ መጨረሻው ያው ነበር። ዘይቱ ካልቆመ መሸጥ የለም፤ ካልሸጥኩ መሄድ የለም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የዓለም ከተማ መንገድ ለጊዜው ተከፍቷል ተባለ። እዚያ የአባቴ የድሮ ደንበኛ የሆኑ አንዲት የእህል ነጋዴ አሉ፤ ባላቸው ሞተውባቸው መጋዘኑን ብቻቸውን ያስተዳድራሉ። ለገና ገብስና ባቄላ ፈለጉ። መኪናዋ ዘይት መብላት ከጀመረች ወዲህ ወደዚያ ሄጄ አላውቅም ነበር። አባቴ ሂድ አሉኝ፤ እኔም ገና ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ስለቀረው ደርሼ ለመመለስ ይበቃኛል ብዬ ጫንኩ። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ደብረ ብርሃንን አልፌ፣ ጀማን ወርጄ፣ በዳገቱ ላይ ሰማያዊ ጭሴን እያንቦለቦልኩ አመሻሹ ላይ ዓለም ከተማ ገባሁ። ነጋዴዋ መኪናዋን ውጪ አታሳድር ብለው ግቢያቸው ውስጥ፣ ማሾ የሚያሰጡበት ሲሚንቶ ላይ አስቆሙኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጭነቱን አራገፍን። ልወጣ ስል መንገዱ ተዘጋ።

መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ስልክም ጠፋ። ቀኑን ሙሉ በግቢው በር እየተመላለስኩ የመጣውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ፤ አንዱ ነገ ይላል፣ ሌላው ከርሞ ይላል። ሐሳቤ ሁሉ ደብረ ብርሃን ነው። ሚስቴ ቀን እየቆጠረች እንደሆነ አውቃለሁ፤ የት እንዳለሁ እንኳ ልነግራት አልችልም።

መኪናዋ ባትንቀሳቀስም እኔ የለመደብኝን አልተውኩም። ከመጣሁ በኋላ በነጋው ጠዋት፣ ገና ጭነቱ ሳይራገፍ፣ መለኪያውን መዝዤ ነበር። ዘይቱ ከላይኛው መስመር አራት ጣት ያህል አልፎ ዘንጉን አርሶታል። ጠርጌ መልሼ አስገባሁት፤ ያው ነው። ዘይት ሳይጨመር ከፍ ካለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ውሃ ከገባበት ደግሞ ሞተሩ አለቀለት። በጣቴ አሻሁት፤ ውሃ የገባበት ዘይት ወተት እንደነካው ሻይ ይደፈርሳል፣ ይህ ግን ጥርት ያለ ነው። አሸተትኩት፤ ናፍጣ ናፍጣ አይልም። ራዲያተሩን ከፈትኩ፤ ውሃው አልጎደለም። ምንም ሊገባኝ ስላልቻለ ኮፈኑን ዘጋሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘይት ሳልሞላ የዋልኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው። በማግስቱ ለካሁ፤ አራት ጣት። በሦስተኛው ቀን ለካሁ፤ አራት ጣት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነጋዴዋ ወጥተው መኪናዬን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊያስወጡኝ እንዳልሆነ፣ መንገዱ የእኔ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ግን ማሾአቸው ሳይሰጣ እየሻገተ እንደሆነ ነገሩኝ። ከመኪናዋ የተረፈውን ቦታ እናስጣበት ብዬ ጆንያ ተሸክሜ አገዝኳቸው። ስንዘረግፈው ማሾው ባለበት ተከመረ። እሳቸው ጎንበስ ብለው አንዲት እፍኝ ለይተው ባዶው ሲሚንቶ ላይ በተኑ።

«አየኸው?» አሉኝ። «አንዲት ፍሬ አትንከባለልም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በውሃ ልክ ነው ያስለሰነው። አገሩ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ በዚህ ከተማ ሜዳ ቢኖር ይኼ ብቻ ነው።»

ማሾ ድቡልቡል እህል ነው፤ እጅ ላይ እንኳ አይቆምም። እዚያ ሲሚንቶ ላይ ግን እያንዳንዷ ፍሬ የወደቀችበት ተቀምጣለች። ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ መኪናዬን አየሁ። ከዚያ መኪናዋን የሚገፉልኝ ሰዎች ይሰጡኝ እንደሆነ ነጋዴዋን ጠየቅኋቸው።

ከበሩ ውጪ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። ጭነት የሚያወርዱት ሰዎች ተጋግዘው ገፍተው አወጡልኝ። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርጌ፣ ታኮ አስገብቼ፣ ዘይቱ እስኪረጋ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ለካሁ። ከታችኛው መስመር በታች። ሞተሯን አስነስቼ አዙሬ ወደ ሲሚንቶው መለስኳት፤ አጥፍቼ እንደገና ጠበቅኩ፤ ለካሁ። አራት ጣት ከላይ። ጠብታ ዘይት አልጨመርኩም፤ ጠብታም አልቀነስኩም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የዘይት ቋቷ ረጅም ነው፤ ዘንጉ የሚገባው ከኋላ በኩል ነው። አፍንጫዋ ሲዘቀዝቅ ዘይቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ዘንጉ ባዶ ቦታ ይነካና ጎደለ ይላል። እኔ እሞላለሁ። መንገድ ላይ ስትስተካከል ዘይቱ ከልኩ አልፎ ከፍ ብሏል፤ የሚሽከረከረው ብረት ይመታዋል፣ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋው በመተንፈሻው ቱቦ ዞሮ ወደ ሲሊንደሩ ይገባና ይቃጠላል። በግድ ያጎረስኳትን ነው ቀኑን ሙሉ ስትተፋው የነበረው። በነጋው ደግሞ የተፋችውን ያህል መልሼ አጎርሳታለሁ። መካኒኩ ምን ዓይነት ዘይት፣ ስንት ጭነት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ብሎ ጠይቆኛል፤ የት ቆመህ ነው የምትለካው ብሎ ግን አልጠየቀኝም። ማን ይጠይቃል? አባቴም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት ማለታቸው ልክ ነበር፤ ጠዋት ሳይነሳ ለካ ማለታቸውም ልክ ነበር። ሁለቱን ትክክል አንድ ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ታድር በነበረበት ዘመን እኮ ይህ ጣጣ አልነበረም።

ትርፉን ዘይት በጀሪካን አወረድኩት፤ ሦስት ሊትር ተኩል ሆነ። እየሳቅኩ ነበር፤ ነጋዴዋ በመስኮት ሲያዩኝ መሳቄን አቆምኩ። ነፃ ወጥቻለሁ። አሁን መሸጥ እችላለሁ፣ መሄድ እችላለሁ፣ ገና ሊደርስ ስምንት ቀን አለው። መንገዱ ግን እንደተዘጋ ነው።

ስምንቱም ቀናት እንደተዘጋ አለፉ። እንደዚያ ዓይነት መታሰር አይቼ አላውቅም። የግቢው በር ክፍት ነው፤ መኪናዋ ደህና ናት፤ የምሄድበት የለኝም። የገና ዕለት ነጋዴዋ ዶሮ ሠርተው ከልጆቻቸው ጋር አስቀመጡኝ፤ እንደ ቤተሰብ አጎረሱኝ። እኔ ሚስቴ ለእኔ ያስቀመጠችውን ወንበር ነበር የማየው። ምናልባትም አላስቀመጠችም፤ ይህኛው ሐሳብ ከዚያኛው ይብስ ነበር። ከገና በኋላ በአራተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ።

የጀማን ዳገት ስወጣ ዓይኔን ከመስታወቱ አልነቀልኩም። ከኋላዬ አቧራ እንጂ ጭስ የለም። ስልክ ሲመለስ ለሚስቴ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ደብረ ብርሃን ስገባ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ምሳ ሰዓት። ቤቴ ከዋናው መንገድ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ማጠፊያው ጋ ስደርስ ነዳጅ መርገጫውን ረገጥኩ እንጂ ፍሬን አልያዝኩም። መጀመሪያ አባቴ ይዩት፣ ግዝቱ ይነሳልኝ፣ ከዚያ ራሴን ቀና አድርጌ እገባለሁ አልኩ። ይህን ስል ምንም የሚያሳፍር ነገር አልታየኝም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መሐል ሜዳ ደረስኩ። መኪናዋን ገበያው ሜዳ ላይ፣ የተስተካከለ ቦታ መርጬ አቆምኳትና ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። አባቴ ነገሩን ሁሉ ተቀምጠው ሰሙኝ፤ ሲሚንቶውን፣ ማሾውን፣ የወረደውን ሦስት ሊትር ተኩል። ከዚያ ከዘራቸውን ጠየቁ። በቀኝ በኩል እኔን፣ በግራ የአክስቴን ልጅ ተደግፈው ገበያው ሜዳ ድረስ መጡ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ያን ያህል ርቀው ሄደው አያውቁም። እሷን የሚቀመጡበት በርጩማ እንድታመጣ ላክናት፤ እሳቸው ግን ሳይቀመጡ ዘንጉን ራሳቸው መዘዙ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አስገቡት፤ መዘዙና በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል ነው።

«አልበላችም» አሉ።

«አልበላችም፣ አባዬ።»

የጋቢናው መወጣጫ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «የመጣኸው በደብረ ብርሃን ነው?»

«አዎ።»

«ቤትህ ገባህ?»

«አልገባሁም። መጀመሪያ እርስዎ ይዩት ብዬ ነው።»

«እኔ የገዘትኩህ ዘይት የምትበላ መኪና ለሰው እንዳትሸጥ ነው» አሉኝ። «ወደ ሚስትህ እንዳትሄድ ገዝቼሃለሁ?»

ዘንጉን ከእጃቸው ተቀብዬ ወደ ቦታው መለስኩት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፉን ሰቅለህ የምትሄድበትን ቀን ስጠብቅ ነበር። የአክስትህ ልጅ አለችልኝ። መኪና ቢቆም ብረት ነው። ታዲያ እንዴት ብዬ ሂድልኝ ልበልህ? አባት ልጁን ይሸኛል እንጂ አያባርርም።»

መጮህ አማረኝ። ለምን አንድ ቀን አልነገሩኝም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን እውነቱን እዚያው ቆሜ አወቅኩት። እኔን የያዘኝ ግዝት አልነበረም። ጥያቸው በሄድኩ ማግስት ቢሞቱስ፣ አገሬው አባቱን ትቶ ሄደ ቢለኝስ የሚለው ፍርሃት ነው፤ መኪናዋ ዘይት እስከበላች ድረስ ይህን ለራሴ መናገር አያስፈልገኝም ነበር። አፈርኩ። በእሳቸው ፊት፣ በመኪናዋም ፊት አፈርኩ።

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ ናት። ቃል እስክትናገር አልጠበቅኩም፤ መንገዱ መዘጋቱን፣ ስልክ መጥፋቱን፣ ከዚያ ዘንጉን፣ ቁልቁለቱን፣ አረፋውን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «መታደል ነው» አለችኝ። «እና መቼ ትመጣለህ?»

«ሞተሪኖዋን ላሠራና...» ብዬ ጀመርኩ።

የገዛ ድምፄን ሰማሁት። አባቴም ሰምተዋል፤ ደህናውን እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው «ቁልፉን አምጣው» አሉኝ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው ቁልፉን ጨብጬ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሚስቴ አልዘጋችብኝም፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ቁልፉን በአባቴ መዳፍ ላይ አኖርኩት፤ ጣቶቻቸውን አጠፉበት።

«ነገ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ቀጥላም «የበሩን ቁልፍ ቀይሬዋለሁ» አለችኝ፤ «ስትደርስ አንኳኳ።»